ቡድኑ ተልኳል

ሰኞ፣ ግንቦት 3

ቀኑን ሙሉ የሰው ዐይን ሳጥብ ዋልኩ። ክሬሸሩ ድንጋይ በፈጨ ቁጥር አቧራው ሄዶ የሠራተኞቹ ዐይን ውስጥ ነው የሚያርፈው። መነጽር ተሰጥቷቸዋል። ግንባራቸው ላይ ነው የሚያደርጉት፣ ለውበት! አንዱን ጎረምሳ "ዐይንህ ያለው ግንባርህ ላይ ነው እንዴ?" ብለው፣ "ዶክተር፣ ካጠለቅኩትማ ድንጋዩን በምን አየዋለሁ?" አለኝ። መነጽሩን ተቀብዬ አየሁት። እውነቱን ነው፣ ተቧጭሮ ግድግዳ ሆኗል።

ዶክተር አይደለሁም። ጤና መኮንን ነኝ ማለት ሰልችቶኝ ተውኩት። የካምፑ ክሊኒክ ማለት እኔና የጽዳት ሠራተኛዋ እማማ ነን፤ ከሁለታችን ደግሞ ሰው የሚፈራው እሷን ነው።

አመሻሹ ላይ ኮረብታው ላይ ወጣሁ። ስልክ የሚሠራው እዚያ ብቻ ነው። ገና ከመድረሴ ከዋናው ከተማ ተደወለ፣ ከእትዬ መሥሪያ ቤት። እትዬ ታላቅ እህቴ ናት። የአደጋ ጊዜ ስልክ ኃላፊ ሆናለች፤ ወረርሽኝ ከየትም ቢነሣ መጀመሪያ የሚደወለው እሷ ጋ ነው። የደወለው ግን እሷ አይደለችም፣ የልምምድ አዘጋጅ ነኝ የሚል ሰው ነው። በዚህ ሳምንት አገር አቀፍ ልምምድ አለ አለኝ። ወረርሽኝ የገባ አስመስለው ይፈተናሉ። እኔ ሐሙስ ደውዬ "ካምፓችን ውስጥ ትኩሳት ገብቷል" ልል ነው።

"ለእህትህ እንዳትነግራት። ፈተናው ይበላሻል።"

ኋላ የማነበውን ላከልኝ። "በድንጋጤ ድምፅ ይናገሩ። 'ይሄ ልምምድ አይደለም' ይበሉ።"

ብቻዬን ሳቅኩ። ሰው መርጠዋል! ልጅ ሆኜ እትዬን ስንቴ "እባብ ነደፈኝ" ብዬ አስሩጫታለሁ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 4

መስታወት ፊት ቆሜ ድንጋጤ ተለማመድኩ። እማማ መጥረጊያዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማ አየችኝ።

"ደግሞ ምን ሆንኩ ልትል ነው?"

"ልምምድ ነው እማማ። ወረርሽኝ የገባ አስመስዬ ልደውል ነው።"

"ክፉ ነገር አፍ ላይ አይለመድም" ብላ ሄደች።

ከሥራ በኋላ ከጉልቤ ጋር ዳማ። ጉልቤ የድንጋይ መኪና ሾፌር ነው፤ ስሙን ያወጡለት ክሳቱን አይተው ነው። ሁለቴ አሸነፈኝና ጣራ እስኪነቀል ሳቀ። ሚስቱ የካምፑ ክበብ ምግብ አብሳይ ናት። ድስቷን እያጠበች "ተወው ዶክተሩን፣ ነገ ሲያምህ መርፌውን ያደነድንብሃል" አለችው።

የጉድጓዱ ፓምፕ ዛሬም አልተሠራም። ሠራተኞቹ ውኃ የሚቀዱት ድንጋይ ከሚወጣበት ካባ ሥር ከተኛው ኩሬ ነው። ለሥራ አስኪያጁ ነገርኩት። "ይታያል" አለኝ። የሚታየውማ ይታያል... ቀለሙ ራሱ ይታያል።

ረቡዕ፣ ግንቦት 5

መሽቷል፣ ደክሞኛል። ቢሆንም ልጻፍ።

ጠዋት ከአንድ ማደሪያ ሦስት ሰው ተሸክመው አመጡ። ከላይም ከታችም። የሩዝ እጣቢ የመሰለ ውኃ፣ ማቆሚያ የሌለው። ዐይናቸው ጎድጉዷል፣ ቆዳቸው ሲቆነጠጥ እንደተጨማደደ ይቀራል። በትምህርት ቤት በሥዕል ያየሁት ነው። በሰው ላይ ሳየው ግን... ክው አልኩ።

ከቀትር በፊት አንዱ ሞተ። ሰኞ በመነጽሩ የቀለደብኝ ጎረምሳ።

ኮረብታውን ሮጬ ወጣሁት። እትዬ ራሷ አነሣች።

"የአደጋ ጊዜ ስልክ። ስምዎንና ያሉበትን ቦታ ይግለጹ።"

"እትዬ፣ እኔ ነኝ!"

"ስምዎንና ያሉበትን ቦታ ይግለጹ።"

እኔን "እርስዎ"! ስልኩ ስለሚቀዳ ይሆናል ብዬ ሁሉንም በሥርዓት ነገርኳት። ስንት እንደታመሙ፣ ስለ ኩሬው፣ ስለሞተው ልጅ። ጉሉኮሴ ነገን እንደማያደርሰኝ። ከኋላዋ ሰው ይስቃል። ምን ያስቀዋል? ተናደድኩ።

"እትዬ፣ ይሄ የምር ነው። ልምምድ አይደለም። እማዬ ትሙት!"

ወረቀት ሲገላበጥ ተሰማኝ። በእናታችን በውሸት ምለን አናውቅም፣ እባብ ነደፈኝ ባልኩ ጊዜ እንኳ። ቀጥላ ከወረቀት እንደሚያነብ ሰው፣ "መልእክትዎ ደርሶናል። ቡድኑ ተልኳል። ነገ ጠዋት ይደርሳል። እስከዚያ በሽተኛ ከግቢው እንዳይወጣ" አለች። እሺ ብዬ ሌላም ልጨምር ስል መስመሩ ተቆረጠ። የኔትወርኩ ምሰሶ ነዳጅ አልቆበት ነው፤ ልማዱ ነው፣ ሲጠፋ ለቀናት ይጠፋል።

ስወርድ ግን ቀለለኝ። ሰው ሞቶብኝ ቀለለኝ! ብቻዬን አይደለሁማ። የካምፑን በር አዘግቼ ሠራተኞቹን ሰበሰብኩ። "ነገ ጠዋት ሐኪሞች ከነመድኃኒታቸው ይመጣሉ። የላከችው የገዛ እህቴ ናት" አልኳቸው።

አመኑኝ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 6

ጠዋት ሆነ። የለም።

መንገድ ርቋቸው ይሆናል... ጎማ ፈንድቶባቸው ይሆናል። እማማ ውኃ ታፈላለች፣ እኔ ስኳርና ጨው እለካለሁ። ማንኪያ በማንኪያ እናጠጣለን፣ መልሰው ያወጡታል። አልጋ አልቆ በሽተኛ መሬት ላይ ነው። ዛሬ ሞቶ ያደረውን መቁጠር አልፈልግም።

ረፋዱ ላይ መንገዱ ላይ አቧራ ተነሣ። "መጡ!" ብዬ ጮኼ ወጣሁ። ነፋስ ነው።

ኮረብታው ላይ ወጣሁ፣ ኔትወርክ የለም። ወረድኩ። ደግሞ ወጣሁ። የለም። የመጨረሻውን ጉሉኮስ ሰቀልኩ።

ከሰዓት ጉልቤ መኪናውን እያጓራ በሩ ላይ መጣ። ከኋላ ድንጋይ በሚጫንበት ላይ ፍራሽ አንጥፎ ሚስቱን አስተኝቷታል። ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ሌሎችም ሁለት በሽተኞች ጎኗ አሉ።

"ክፈትልኝ። ሳይመሽ ሆስፒታል እደርሳለሁ።"

"መንገድ ላይ ታልቅብሃለች ጉልቤ። ይዘህ የምትሄደው ጉሉኮስ የለኝም። እነሱ ጋ አለ። አሁን ይደርሳሉ።"

"ጠዋት ነው ያልከው።"

"ይደርሳሉ። ብትሄድ መንገድ ላይ ትተላለፋላችሁ፣ በሽታውንም ከተማ ታስገባዋለህ።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"እህቴ እኮ ናት ያለችኝ።"

መሪውን አልለቀቀም። ሚስቱ ከኋላ "ከዶክተሩ ጋር አትጨቃጨቅ" አለችው፣ ድምፅዋ ተዘግቶ። ሞተሩን አጠፋ። ፍራሹን ከነእሷ ተጋግዘን አወረድነው።

ዓርብ፣ ግንቦት 7

ጠዋት ሞተች።

እስከ መጨረሻው እጇን ይዣት ነበር፣ የእጇ ጣቶች እንደ አጣቢ ሴት ጣት ተጨማድደዋል። "ክበቡን ማን ይከፍተዋል?" አለችኝ። ሌላ ነገር አልተናገረችም። ጉልቤ አላለቀሰም። መኪናው ውስጥ ገብቶ በሩን ዘግቶ ተቀመጠ።

ቀትር ላይ ሠራተኞቹ በሩ ላይ ተሰበሰቡ። "የታሉ ሐኪሞችህ?" "ውሸታም!" "ቆልፈህ ልትፈጀን ነው!" ድንጋይ እዚህ ችግር አይደለም፣ በእጃቸው የያዙት ሁሉ ድንጋይ ነው። አንዱ ትከሻዬን መታኝ። እማማ መጥረጊያዋን ይዛ መሐል ገባች። "እሱን ገድላችሁ ማን ሊያክማችሁ ነው? እኔ በመጥረጊያ ላክማችሁ?" አለቻቸው። ድንጋዩን ጣሉ። በሩን ግን ሰብረው የቻሉት በእግራቸው ሄዱ። አልከለከልኳቸውም። በምን አፌ?

አመሻሽ። ኔትወርክ መጣ። ገና ኮረብታውን ወጥቼ ሳልጨርስ ስልኩ ጮኸ። እትዬ።

"ጩጬ..." ጢሜ ሸብቶም ጩጬ ነኝ ለእሷ። "ጩጬ፣ ረቡዕ የደወልከው... የምር ነበር እንዴ?"

መሬቱ ላይ ተቀመጥኩ።

ልምምዱ ዛሬ አለቀ አለችኝ። ኬክ ተቆረጠ፣ ውጤቱ እጅግ ጥሩ ነው ተብሎ ተጨበጨበ። እሷ አዘጋጁን "ወንድሜን እንዴት አድርጋችሁ ነው ያስተወናችሁት? ላለቅስ ምንም አልቀረኝ" ትለዋለች። ሰውየው፣ "የእርስዎ ወንድም ሐሙስ ነበር የሚደውለው፣ ስለ ትኩሳት። ሳይደውል ቀረ እኮ" አላት። ሳህኗ ከእጇ ወደቀ።

"ቡድኑስ?" አልኳት።

"የለም።"

"ተልኳል አልሽኝ!"

"በኮምፒውተር ላይ ነው የላክነው... በልምምድ ሁሉም በኮምፒውተር ነው የሚላከው..." ታለቅሳለች።

ዘጋሁት። ጉልቤ ከታች መኪናው ውስጥ ነው፤ ወርጄ ምን ልለው? መንገድ ተዘግቶባቸው ነው አልኩት። አፌ ላይ የመጣው እሱ ነው።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 8

መጡ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

እውነቱን ልናገር፣ ሠራተኞች ናቸው። ሳያርፉ ድንኳን ተከሉ፣ ውኃውን አከሙ፣ ጉሉኮስ በየገመዱ ተንጠለጠለ። ትናንት ይሞታሉ ያልኳቸው ሰዎች ከሰዓት ተነሥተው ተቀመጡ። ያን ሳይ ነው ያለቀስኩት። እንዲህ ቀላል ነበር? ጨውና ውኃ ብቻ?

ከቡድኑ አንዷ ነርስ "እህትህ ናት የላከችን" አለችኝ። ግምጃ ቤቱ ተቆልፎ ኃላፊው ስልኩን አጥፍቶ ስለሄደ፣ እትዬ ቁልፉን በድንጋይ ሰብራው ገባች አሉ። የተከበረች ሴትዮ፣ በባለተረከዝ ጫማዋ ጭቃ ውስጥ። ጓንቱ ለክፉ ቀን ተብሎ ተቀምጦ ተቀምጦ ሲነኩት ይበጣጠሳል። ክፉው ቀን ሲመጣ ጓንቱ አርጅቶ ጠበቀው።

ከጓንቱ ካርቶን ሥር ፖስታ አገኘሁ፣ ስሜ ያለበት። ረቡዕ ማታ አሳትመው ኖሯል፣ ከዕቃው ጋር ተቀላቅሎ ነው የመጣው። ባለማኅተም የምስክር ወረቀት። "በልምምዱ ላሳዩት የላቀ ተሳትፎ።"

ለእማማ አነበብኩላት። "እሳት የት አለ?" አለች። ለውኃ ማፍያው ሆነ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 11

አዲስ በሽተኛ አንድ ብቻ። የጉድጓዱ ፓምፕ ተሠራ። አሁን!

ሐሙስ፣ ግንቦት 13

የእትዬ አለቃ ከጋዜጠኞች ጋር መጣ። ወደ ድንኳኑ አልተጠጋም። "ወረርሽኝ የሚለውን ቃል ባንጠቀም" አለኝ ቀስ ብሎ፣ "የሆድ ሕመም ይበቃል። ጎረቤት አገር ድንበር ይዘጋብናል።" ካሜራው ፊት ሲቆም ደግሞ ሪፖርቱ በደረሰን በአንድ ቀን ውስጥ ደርሰናል፣ የልምምዳችን ፍሬ ነው አለ። ከበስተኋላው ግድግዳ ላይ የእነሱ ፖስተር ተለጥፏል፤ "ሳይቃጠል በቅጠል"።

ዐሥራ አንድ ሰው ቀብረናል።

እኔስ? እኔ አጠገቡ ቆሜ ራሴን ነቀነቅኩ። ለምን ዝም አልኩ? ብናገር የምትባረረው እትዬ ናት። የእማዬ መድኃኒት የሚገዛው በእሷ ደመወዝ ነው። ይሄ ምክንያት ነው? ምክንያት ነው። ግን ጉልቤ ከሰዉ ጀርባ ቆሞ ያየኝ ነበር።

ዓርብ፣ ግንቦት 14

ጉልቤ ዳማውን ይዞ መጣ። ደርድሮ ሲጨርስ አልተጫወተም።

"የት ጋ ነው የተዘጋባቸው?"

"ምኑ?"

"መንገዱ። ያን መንገድ እንደ እጄ መዳፍ ነው የማውቀው። ረቡዕም ሐሙስም ዝናብ አልነበረም። የት ጋ ነው?"

ነገርኩት። ከመጀመሪያው፤ ከመስታወቱ፣ ከተላከልኝ ጽሑፍ ጀምሮ። ዐይኑን ማየት አቅቶኝ ዳማውን እያየሁ ነው የነገርኩት። ይመታኛል ብዬ ነበር። ቢመታኝ ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ጠጠር አንሥቶ እያገላበጠ "እህትህ ስትሰማህ ትስቅ ነበር?" አለኝ።

"እሷ አልሳቀችም።"

"ሌላ ሰው ስቋል ማለት ነው።"

ዳማውን በእጁ ጠራርጎ ኪሱ ከተተና ወጣ።

እሑድ፣ ግንቦት 16

እትዬ ራሷ መጣች። በጭነት መኪና፣ ሾፌር ለምና። እማዬ የላከችልኝን ንጹሕ ሸሚዝ ይዛ በሩ ላይ ቆመች፣ ግቢ ሳልላት አልገባ አለች። በአንድ ሳምንት አርጅታለች። እጄ ግን ሸሚዙን ለመቀበል አልተዘረጋም። እማማ ተቀበለችልኝ።

"ድሮ እያንዳንዱ የልምምድ ስልክ 'ልምምድ፣ ልምምድ' ተብሎ ነበር የሚጀመረው" አለች። "ዘንድሮ አለቃችን የምር እንዲመስል ብሎ አስቀረው። ያን ቀን ካንተ በፊት አራት ሰው ደውሎ 'ልምምድ አይደለም' ብሎኛል። አራቱም ልምምድ ነበሩ።"

"መጠየቅ አቃተሽ? 'ጩጬ፣ የምርህን ነው?' ማለት?"

"መጠየቅ ነጥብ ያስቀንስ ነበር።"

"ስንት?"

መሬት መሬት አየች። "አምስት።"

አምስት። ከመቶ አምስት...

"በእማዬ ስትምል ደንግጬ ነበር። ከዚያ... ጎበዝ ተዋናይ ነው አልኩ። እግዜር ይይልኝ፣ ኮራሁብህ።"

የጉልቤን ቤት አሳየኝ አለችኝ። ይቅርታ ልትጠይቅ። በሩ ድረስ ሸኘኋት። ጉልቤ ወጥቶ አያት፣ ወንበር አምጥቶ አስቀመጣት፣ ውኃ ሰጣት፣ የተፈላ ውኃ። አንድም ቃል ሳይናገራት ወደ መኪናው ሄደ። ውኃውን እንደያዘች ቀረች። ይሰድባታል ብዬ ነበር የፈራሁት... ቢሰድባት ይሻላት ነበር።

ለአለቃዋ እውነቱን ጽፋ አስገብታለች። እስካሁን መልስ የለም። ከወንበሯም አላነሧትም። ያነሧት እንደሆነማ ለምን ብሎ የሚጠይቅ ሰው ይመጣል።

ረቡዕ፣ ግንቦት 26

ቡድኑ ድንኳኑን ነቅሎ ሄደ። አለቀ ተባለ።

ክሊኒኩ ባዶ ነው። ዐይኑ የቀላ ሁሉ በመስኮቴ ሥር አልፎ በቧንቧ ውኃ ይታጠባል። ድሮ "ዶክተር" ይሉኝ የነበሩት አሁን ምንም አይሉኝም። ኩሬው ጋ "አትቅዱ" ብዬ ሰሌዳ ተከልኩ። ትናንት ሰሌዳውን ፈልጠው አንድደውታል።

ዓርብ፣ ሰኔ 5

ከሆስፒታሉ ኮሪደር፣ መሬት ላይ ተቀምጬ። የካምፑ ዘበኛ ይተርፋል ብለውኛል።

ትናንት ጠዋት ነው ያገኘሁት፣ ማደሪያው ውስጥ ብርድ ልብሱ ሥር ተደብቆ። ያው በሽታ ነው። "ለምን አልመጣህም?" ስለው "ትቆልፍብኛለህ ብዬ" አለኝ።

የነበሩኝን ሁለት ጉሉኮሶች አወጣሁ። አንዱን ሰቅዬለት ኮረብታው ላይ ወጣሁ። ደወልኩ። እትዬ አነሣች። ስምዎንና ቦታዎን የለም አሁን።

"ጩጬ፣ ሰማሁህ። ቡድኑ ተልኳል። አሁኑኑ። እኔም አብሬ እመጣለሁ፣ እዚያው ጠብቀኝ።"

"እሺ" አልኳት።

ድምፅዋን አውቀዋለሁ። ውሸት አልነበረበትም። ያን ቀንም ግን አልነበረበትም።

ወርጄ ጉልቤ ጋ ሄድኩ። እውነቱን ከነገርኩት ወዲህ ገና መነጋገራችን ነው። "መኪናህ ነዳጅ አለው?" አልኩት። ምንም ሳይጠይቀኝ ፍራሽ ፍለጋ ገባ። ዘበኛውን ጫንነው። ጉሉኮሱን ከመኪናው ብረት ላይ አሰርኩት፣ እማማ ከኋላ ይዛው ተቀመጠች። በሩን ራሴ ከፈትኩት።

መንገዱን አጋምሰን ቁልቁለቱ ላይ ስንደርስ ከፊታችን ነጭ መኪና ብቅ አለ። መብራት አበራልን፣ ጥሩምባ ነፋ፣ ዳር ይዞ ቆመ። እትዬ ቀድማ ወረደች። ካርቶን ሙሉ ጉሉኮስ አቅፋ ወደ መንገዱ ጠርዝ እየመጣች በአንድ እጇ ታውለበልብልን ነበር። የምር መጥታለች። እንዳለችው።

ጉልቤ እግሩን ከነዳጁ ላይ አነሣና ዞሮ አየኝ።

"ላቁም?"

"ንዳ" አልኩት።